ማን እንደሞተ የማይናገር መርዶ፦ የኡቡንቱ 12.04 የብልሽት መልእክት

እንበልና ጠዋት ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ከፍታለች። ፓስወርዷን አስገብታለች። ገና አንድም ፕሮግራም አልነካችም። ድንገት ስክሪኑ መሀል ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። «የሲስተም ፕሮግራም ላይ ችግር ተገኝቷል። ችግሩን አሁን ሪፖርት ማድረግ ይፈልጋሉ?» ከሥር ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «ይቅር» ነው፤ ሌላው «ችግሩን ሪፖርት አድርግ»። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው።

የቱ ፕሮግራም? መቼ? የትናንት ሥራዋስ ደህና ነው? መስኮቷ አትናገርም።

እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። የሚነግረው ሰው ይመረጣል። ሰዓት ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚኬደው። ብቻውን ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይረዳም። ደግሞም ማን እንደሞተ ይነገራል። «ከቤታችሁ ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ ለማወቅ መታወቂያ አሳዩ» የሚል መርዶ ነጋሪ ቢመጣ፣ ለቅሶው ቀርቶ ጠብ ይነሳል።

ያቺ መስኮት ለዓመታት የሠራችው ይህንኑ ነው። እንዳጋጣሚ የሠሯት ሰዎች ግዴለሾች አልነበሩም። እንዲያውም በጊዜው ስለ ብልሽት መልእክት በደንብ ካሰቡት ውስጥ ናቸው። ጉዳዩን ለማየት የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሰነፍ የሠራውን ስህተት ማየት ብዙ አያስተምርም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ከመስኮቷ በፊት

ኡቡንቱ በሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ የሚያዘጋጀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በ2006 በወጣው 6.10 እትሙ ላይ አፖርት የሚባል ፕሮግራም ተጨመረለት። የጻፈው ማርቲን ፒት ነው። የአፖርት ሥራ የወደቀ ፕሮግራም ሲያገኝ እንደ ሐኪም የአስከሬን ምርመራ ማድረግ ነው። መረጃውን ሰብስቦ ለፕሮግራመሮቹ ያዘጋጃል።

ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አፖርት ብልሽት የሚይዘው ሙከራ ላይ ባሉ እትሞች ብቻ ነበር። ዋናው እትም ወጥቶ ሕዝብ እጅ ሲገባ ይህ ሥራው ይዘጋል። ምክንያት ነበረው። ሪፖርት ለመላክ አካውንት መክፈት ያስፈልጋል። ገጽ ተከፍቶ ጥያቄ ይመለሳል። ያው አንድ ችግር በብዙ ሰው ተደጋግሞ ይመጣል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይለየዋል። ይህ ለሚሊዮኖች ቢከፈት ጎርፍ ነው።

ስለዚህ ኩባንያው ይሰማ የነበረው የሞካሪዎቹን ድምፅ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋን አይሰማም። እሷ የምትጠቀመው ዋናውን እትም ነው፤ አካውንትም የላት።

በሚያዝያ 2012 የወጣው 12.04 ይህንን ቀየረው። ብልሽት የመያዙ ሥራ በዋናው እትም ላይም ተከፈተ። አጠገቡ ዉፕሲ የሚባል ላኪ ተቀመጠ። ስሙ በእኛ ቋንቋ «ውይ!» እንደማለት ነው፤ ሲያመልጥህ የምትለው ዓይነት። አካውንት አይጠይቅም። ጥያቄ አይደረድርም። ኢቫን ዳንድሪያ የሚባል የካኖኒካል ባለሙያ ከዋና ሠሪዎቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። «ይህን ችግር ሪፖርት ያደረገ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «ይህ ችግር በስንት ሰው ላይ ስንት ጊዜ ደረሰ?» ብሎ መቁጠር። አንድ ኮምፒውተር በቀን በአማካይ ስንት ጊዜ ብልሽት እንደሚያጋጥመው የሚያሳይ ግራፍም ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የራስን ጉድ አደባባይ ማውጣት ነው፤ ለዚህ አድናቆቴ እውነተኛ ነው።

ቆጠራው እንደሚሠራ ማይክሮሶፍት ቀድሞ አይቶታል። በ2002 የኩባንያው አለቃ ስቲቭ ባልመር ለደንበኞች በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ከስህተቶቹ 20 በመቶ ያህሉ ከችግሮቹ 80 በመቶውን እንደሚያመጡ፣ 1 በመቶው ብቻ ደግሞ ግማሹን እንደሚያመጣ ገልጿል። ይህን ያወቁት ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ «ሪፖርት ላክ» እና «አትላክ» የሚሉትን ሁለት ቁልፎች አስቀምጠው ነው። የትኛው 1 በመቶ እንደሆነ ለማወቅ ከተጠቃሚው መስማት ግድ ነው።

ከውድቀት እስከ መስኮት

አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያውቀው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ፕሮግራሙ የማይገባው የሜሞሪ ቦታ ገብቷል እንበል። ከርነሉ ያስቆመዋል። በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ላይ የነበረውን ነገር ለአፖርት ያስረክባል። አፖርት የፕሮግራሙን ስም፣ ቨርዥኑን፣ ሲወድቅ ምን እየሠራ እንደነበር አንድ ላይ አድርጎ በፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ «ክራሽ» የተባለ ፎልደር ውስጥ ይገባል።

ተጠቃሚው እሺ ካለ ዉፕሲ ይልካል። ግን ሁሉንም አንዴ አይዘረግፍም። መጀመሪያ አጭሩን ብቻ ይልካል። ሪፖርቱን የሚቀበለው የካኖኒካል ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ያየዋል። «ይህንን አውቀዋለሁ» ካለ ቆጥሮ ይተወዋል። አዲስ ዓይነት ውድቀት ከሆነ ብቻ የሜሞሪውን ቅጂ ይጠይቃል። ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። የሜሞሪ ቅጂ ከባድ ፋይል ነው፤ ደግሞም ሰውዬው ሲጽፈው የነበረ ደብዳቤ፣ ሲከፍት የነበረ ፓስወርድ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሌላም አለ። ዉፕሲ ከመላኩ በፊት ኢንተርኔቱ በምን በኩል እንደሚመጣ ያያል። በሞባይል ዳታ ከሆነ ቆይ ብሎ ይጠብቃል። ፓኬጅ እየገዛ ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር ለሚያገናኝ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። የገዛው ሜጋባይት በማያውቀው ሪፖርት ቢያልቅበት የሚለውን እናውቃለን።

በጎውን ሥራ ያነሳሁት ነገሩ እንዲመዘን ነው። ከጀርባ ያለው ሁሉ በልክ ተሰፍቷል። የተበላሸው በር ላይ ነው።

ጥሩዋ መስኮት

መስኮቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ተጠቃሚዋ ራሷ የከፈተችው ፕሮግራም ሲወድቅ የሚመጣው አንዱ ነው። ሒሳቧን ሊብሬኦፊስ በሚባለው የቢሮ ፕሮግራም ላይ እየሠራች ነው እንበል። ፕሮግራሙ ድንገት ጠፋ። ወዲያው መስኮት መጣች፤ እገሌ የተባለው ፕሮግራም ባልታሰበ ሁኔታ ተዘግቷል አለች። ስሙ አለ። «ችግሩን ለማስተካከል እንዲረዳ ሪፖርት ላክ» የሚል ሳጥን አለ፤ ቀድሞ ምልክት ተደርጎበታል። ሁለት ቁልፎች አሉ፤ «እንደተዘጋ ይቆይ» እና «እንደገና ክፈት»።

ይህች መስኮት ጨዋ ናት። የመጣችው ነገሩ ሲሆን ነው። የሟቹን ስም ትናገራለች። ሪፖርቱን ጥያቄ አላደረገችውም፤ ጥያቄው «ሥራሽን ልቀጥልልሽ ወይ?» ነው። ሪፖርቱ ጥግ ላይ ያለ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል። ቀድሞ ምልክት መደረጉ ትንሽ ይከነክነኛል። እሺ ያላለን ሰው እሺ እንዳለ መቁጠር ነው። ግን ቢያንስ ዓይን ፊት ነው፤ አንድ ጠቅታ ያጠፋዋል።

የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ተጠቃሚዋ በዚያች ደቂቃ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ «የጻፍኩት ጠፋ?» ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይህንን አያውቅም። የሚያውቀው ሊብሬኦፊስ ራሱ ነው፤ እንደገና ሲከፈት የተረፈውን ሰነድ ያወጣል። ስለዚህ «እንደገና ክፈት» የሚለው ቁልፍ በተዘዋዋሪ መልስ ነው። በቀጥታ ቢነገር ግን ልብ ያሳርፋል።

መጥፎዋ መስኮት

አሁን ወደ ጠዋቷ መስኮት እንመለስ።

ኮምፒውተር ውስጥ ማንም ያልከፈታቸው ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ኅትመቱን የሚያስተናግድ አለ፤ ኔትወርኩን የሚይዝ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የሚሥል አለ። ብዙዎቹ የሚሠሩት በዋናው አስተዳዳሪ ስም ነው። ሲወድቁ የሚጻፈው ፋይልም የአስተዳዳሪው ነው። ተራው ተጠቃሚ ከፍቶ ማንበብ አይችልም። ይህ ለደኅንነት ትክክል ነው።

እንግዲህ መስኮቷን የምታወጣው ፕሮግራም በተጠቃሚዋ ስም ነው የምትሠራው። ፎልደሩን ታያለች። ፋይል አለ። ልትከፍተው አትችልም። ስለዚህ ኢንጂነሩ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ «አንድ ችግር አለ፣ ላንብበው?» ብሎ መጠየቅ። እሺ ከተባለ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይነበባል።

እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ልክ ነው። ድምሩ ግን ለሰው አይሆንም።

የሚገርመኝ ነገር አለ። የፋይሉ ስም ራሱ የወደቀውን ፕሮግራም መገኛና ስም ይዟል። ፎልደሩን ደግሞ ማንም ሰው መዘርዘር ይችላል። ማለትም የሟቹ ስም ፖስታው ላይ ተጽፏል። ፖስታውን መቅደድ አያስፈልግም ነበር። ከላይ ያለውን አንብቦ መናገር ይበቃ ነበር።

ተጠቃሚዋ እሺ ብላ ፓስወርዷን ሰጠች እንበል። የምታገኘው ሁለተኛ መስኮት ነው። «ይቅርታ፣ ኡቡንቱ 12.04 የውስጥ ስህተት አጋጥሞታል። ተጨማሪ ችግር ካዩ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ።» አሁንም ስም የለም። ስሙ «ዝርዝር አሳይ» ከሚል ቁልፍ ጀርባ ነው። መታወቂያ አሳይታ የተነገራት «አንድ ዘመድሽ» የሚል ነው።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። ውድቀቱ የሆነው ትናንት ማታ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ሊሆን ይችላል። መስኮቷ የምትመጣው ግን ጠዋት ሲገባ ነው። በመሀል ብዙ ነገር ይሆናል። ከጀርባ የሚሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲወድቁ ሲስተሙ ራሱ መልሶ ያስነሳቸዋል። ሞተ የተባለው ሰውዬ ተነስቶ ጓሮ አትክልት እያጠጣ ነው፤ መርዶ ነጋሪው ግን አሁን በር እያንኳኳ ነው።

ደግሞ ይመላለሳል። ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ መስኮቷ በሚቀጥለው ቀንም ትመጣለች። ሦስት ፋይል ካለ ደጋግማ ትመጣለች። ከ7 ቀን በላይ የቆዩ ፋይሎችን የሚጠርግ የየቀን ሥራ አለ፤ እስከዚያ ድረስ ትዕግሥት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያው መስኮት፣ ያው ስም የለሽ ችግር።

ሰው ምን አደረገ

ሰው ሁለት መፍትሔ አገኘ። አንደኛው ፎልደሩን ባዶ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የአፖርትን ማስተካከያ ፋይል ከፍቶ አንዷን 1 ወደ 0 መቀየር ነው። አዲስ የኡቡንቱ ተጠቃሚ ጓደኛ ዘንድ ሄዶ «ይቺ ነገር ምንድን ናት?» ሲል የሚሰጠው ምክር ይህ ሆነ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሰላም ነው።

ለካኖኒካል ግን ኪሳራ ነው። መስኮቷን የሚዘጋት ማነው? ደጋግማ የመጣችበት ሰው። ደጋግማ የምትመጣው የማን ኮምፒውተር ላይ ነው? በጣም የታመመው ላይ። ስለዚህ ከቆጠራው የሚወጣው ከሁሉም በላይ ሊሰማ የሚገባው ሰው ነው። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ ግን አመክንዮው ጠማማ አይመስለኝም። ሆስፒታል በር ላይ አስቸጋሪ ዘበኛ አቁመህ የመጡትን ብቻ ብትቆጥር፣ ሰፈሩ ሁሉ ጤነኛ ይመስልሃል።

የፓስወርዱ ነገር ደግሞ ሌላ ልማድ ያስተምራል። ምን እንደሆነ ሳይነገርህ፣ ገና እንደገባህ፣ ስክሪን ላይ ብቅ ላለ መስኮት የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ስጥ ማለት ነው። ለደኅንነት ባለሙያ ይህ የሚያስደነግጥ ነው። ሰው አንዴ ከለመደ ለሌባውም መስኮት ይሰጣል።

ሌባ ካነሳን፣ በታኅሣሥ 2016 አንድ የአየርላንድ የደኅንነት ተመራማሪ አፖርት ውስጥ ቀዳዳ አገኘ። የብልሽት ፋይሉን ሌላ ሰው አስመስሎ ሠርቶ ቢልክልህና ብትከፍተው፣ ፋይሉ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር እንደ ኮድ ትሠራ ነበር። ያቺ የወደድኳት «እንደገና ክፈት» የምትል ቁልፍም አላመለጠችም። ምን መክፈት እንዳለባት የምታነበው ከፋይሉ ነው፤ ፋይሉን የጻፈው ሌባ ከሆነ የሚከፈተው የሌባው ትእዛዝ ነው። በዚያው ወር ተደፈነ። ብልሽትን የሚያሳውቅ ፕሮግራም ራሱ በር እንደሆነ ግን ያሳያል።

ሌሎቹስ?

ባጭሩ ላንሳቸው። ዊንዶውስ 95 ፕሮግራም ሲወድቅ «ይህ ፕሮግራም ሕገወጥ ተግባር ፈጽሟልና ይዘጋል» ይል ነበር። ቃሉ ለፕሮሰሰሩ ሕገወጥ ማለት ነው። ተራ ሰው ግን ፖሊስ ይመጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኤክስፒ ቢያንስ ይቅርታ ጠየቀ። ዊንዶውስ ቪስታ «መፍትሔ እየፈለግን ነው» እያለ አረንጓዴ መስመር ያስሮጥ ነበር፤ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይጠፋል። ማክ በዚህ ላይ ብልህ ነው። አንተ የከፈትከው ፕሮግራም ሲወድቅ ይነግርሃል፤ ከጀርባ ያለው ሲወድቅ መዝገብ ላይ ጽፎ ዝም ይላል።

ሪፖርት መላኩም ያለ ጣጣ አይደለም። በታኅሣሥ 2013 ደር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የዊንዶውስ የብልሽት ሪፖርቶችን ኔትወርክ ላይ እየጠለፈ ስለ ኮምፒውተሮቹ መረጃ ይሰበስብ እንደነበር ጽፏል። የትኛው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚወድቅ ያወቀ ሰው፣ የት እንደሚገፋም ያውቃል። ስለዚህ «አትላክ» የሚለውን የሚመርጥ ሰው ሁሉ ግዴለሽ አይደለም።

ዝም ማለትም መልስ አይደለም

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «በቃ አይነገር» ሊል ይችላል። አልስማማም። ፕሮግራም ዝም ብሎ ሲጠፋ ተጠቃሚው ራሱን ነው የሚወቅሰው። «ምን ነክቼ ነው?» ይላል። ኮምፒውተር ብዙ የማያውቅ ሰው ደግሞ ፈርቶ ሁለተኛ አይነካም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን የማወቅ መብት አላት።

ኡቡንቱ ራሱ በኋላ ወደ ተሻለ ነገር ሄዷል። በቅርብ ዓመታት እትሞች ማስተካከያው ውስጥ ሦስት ምርጫ አለ፤ በፍጹም አትላክ፣ ሁሌ ላክ፣ ወይም በየጊዜው ጠይቀኝ። ይህ ትክክለኛ ቦታው ነው። የሪፖርቱ ጉዳይ አንዴ፣ ሰው በተረጋጋበት ሰዓት ይጠየቃል። በውድቀቱ ሰዓት የሚቀረው ስለ ሰውዬው ሥራ ብቻ ይሆናል። የቀረው የቃላቱ ነገር ነው።

በአማርኛ ብንጽፈው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እኛ ስንናገር «ክራሽ አደረገ»፣ «ስታክ አደረገ»፣ «ሃንግ አደረገ» እንላለን። የመጀመሪያው መዘጋት ነው፤ ሌሎቹ መቆም ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል። «ተበላሸ» ካልን ሰውዬው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። «ስህተት ተፈጥሯል» ካልን ማን ነው የተሳሳተው? አንባቢው እኔ ነኝ ይላል። «ወደቀ» ለፕሮግራመር ይገባል፤ ለሌላው ፈተና የወደቀ ተማሪ ነው የሚመስለው። እኔ «በድንገት ተዘጋ» የሚለውን እመርጣለሁ። ያየችውን ነው የሚነግራት። ከዓይኗ ጋር አይጣላም።

ከጀርባ ላሉት ደግሞ የፕሮግራሙን ስም መናገርም አይበቃም። የኅትመት አገልግሎቱ የፋይል ስም ለእሷ ምኗም አይደለም። ሥራው ነው መነገር ያለበት። ማታ ወድቆ ራሱ ከተነሳ፣ ጠዋት ላይ ምንም መስኮት አያስፈልግም፤ ቆጥሮ ዝም ነው። አልነሳ ካለ፣ እሷም እኩለ ቀን ላይ ደረሰኝ ልታትም ስትል፣ ያኔ ትምጣ። እንዲህ ብላ፦

«የኅትመት አገልግሎቱ ቆሟል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መልሰን እያስነሳነው ነው። ተራ ይዞ ያልታተመ ሰነድ ካለ እንደገና ይላኩት።»

ከሥር አንድ ቁልፍ፤ «እሺ»። ፓስወርድ አትጠይቅም።